ኤሌክትሪክ የማይፈልግ ፕሪአምፕሊፋየር፦ የወሎ አንባቢዎቻችን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ከደሴ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከከሚሴ፣ ከወልድያና ከሐይቅ በተለያየ ጊዜ የደረሱን ደብዳቤዎች ስለ አንድ ዕቃ የሚጠይቁ በመሆናቸው በዚህ እትም አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። ዕቃው ፓሲቭ ፕሪአምፕሊፋየር ይባላል፤ ከመብራት ጋር የማይገናኝ፣ ጥቂት መሰኪያዎች፣ አንድ መምረጫና አንድ የድምፅ መቀነሻ ብቻ ያሉት ሣጥን ነው። ዋናውን ማብራሪያ የሰጠነው ለመጀመሪያው ጠያቂ ስለሆነ ሌሎችም ከእርሱ ቢጀምሩ የቀሩት መልሶች ይበልጥ ግልጽ ይሆኑላቸዋል።

ጥያቄ (ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ)፦ በቦርድ የተገጣጠመ ስቴሪዮ አምፕሊፋየር አለኝ፤ የድምፅ መቆጣጠሪያም ሆነ መምረጫ የለውም። ዲቪዲ ማጫወቻ፣ ስልክና የአባቴን የመንዙማና የትዝታ ካሴቶች የማጫውትበት ዴክ አለኝ፤ አንዱን እየነቀልሁ ሌላውን መሰካት ሰለቸኝ። አንድ ጠጋኝ «ፕሪአምፕ ካልገዛህ ድምፁ ኃይል አያገኝም» አለኝ፤ ዋጋው ግን ከአቅሜ በላይ ነው። ወዳጄ ደግሞ መብራት የማይፈልግ፣ በቤት የሚሠራ ዓይነት አለ ይለኛል። የማንን ልስማ? የሚሠራ ከሆነስ ምን ምን ያስፈልገኛል?

መልስ፦ ወዳጅዎ ያሉት ትክክል ነው። ጠጋኙም ቢሆኑ ከመሬት ተነሥተው አልተናገሩም፤ ምክራቸው ለቀደመው ዘመን ዕቃ ይሠራ ነበር። ፕሪአምፕሊፋየር ሦስት ሥራዎችን አጣምሮ ሲሠራ የኖረ ዕቃ ነው፤ ከብዙ ምንጮች አንዱን ይመርጣል፣ ድምፁን ከፍና ዝቅ ያደርጋል፣ ደካማውን ሲግናል፣ ማለትም ድምፁን የተሸከመውን ኤሌክትሪክ፣ ያጎለብታል። ሦስተኛው ሥራ አስፈላጊ የነበረው የሸክላ ማጫወቻ መርፌ የሚያወጣው ጥቂት ሚሊቮልት ብቻ ስለነበረ ነው። እርስዎ የዘረዘሯቸው ዕቃዎች ግን ሲግናሉን በውስጣቸው አጎልብተው የሚሰጡ ናቸው። ዲቪዲ ማጫወቻ በሙሉ ድምፅ እስከ 2 ቮልት፣ ስልክ በጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ በኩል እንደ ሥሪቱ ከግማሽ እስከ 1 ቮልት፣ የካሴት ዴክ ደግሞ ከ0.3 እስከ 0.5 ቮልት ገደማ ያወጣሉ።

አሁን ቁጥሮቹን ከአምፕሊፋየሩ ጋር እናገናኛቸው። ለቤት የሚሠሩ ብዙ ቦርዶች የገባላቸውን ቮልት 20 ጊዜ ያህል ያበዛሉ። ከሦስቱ ምንጮች ደካማ የሆነው ዴክ 0.3 ቮልት ቢሰጥ ቦርዱ 6 ቮልት ያወጣል፤ ይህም በ8 ኦም ስፒከር ላይ 4.5 ዋት ይሆናል። 4.5 ዋት ሲሉት ትንሽ ይመስላል፤ በተለመደ የሳሎን ስፒከር ግን እንግዳ ተቀምጦ ሊያወራበት የማይችል ድምፅ ነው። በአንጻሩ ዲቪዲው ሙሉ 2 ቮልቱን ቢልክ ቦርዱ 40 ቮልት እንዲያወጣ ይጠየቃል፤ የኃይል ምንጩ ይህን አይፈቅድለትምና የሞገዱ ጫፍ ይቆረጣል፣ ድምፁም ይሻክራል። ስለዚህ እርስዎን ያስቸገረዎት የሲግናል መብዛት ነው፤ የሚያስፈልግዎም መቀነሻ ነው።

በሱቅ «ቮልዩም» እየተባለ የሚጠራው ፖተንሽዮሜትር የሚሠራው ይህንኑ ነው። ከቦርከና በቦይ ወደ ማሳ የሚገባውን ውሃ የቦዩ በር ያሳንሰው እንደሆነ እንጂ እንደማይጨምረው ሁሉ፣ ፖተንሽዮሜትርም የገባበትን ቮልት ይከፍላል እንጂ አያበዛም። ስለማያበዛ የራሱን ሹክሹክታ እዚህ ግባ በሚባል መጠን አይጨምርም፤ መብራት ስለማይገባበትም ከኃይል ምንጭ የሚመጣ ጉርምርምታ የለበትም። ለጀማሪ ደግሞ 220 ቮልት ወደ ሣጥኑ ፈጽሞ ስለማይገባ የመጀመሪያ ሥራ እንዲሆን ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

የሚያስፈልግዎ አንድ ስቴሪዮ፣ ማለትም በአንድ ዘንግ ሁለት ረድፍ ያለው፣ 10 ኪሎ ኦም ሎጋሪዝማዊ (አከፋፈቱ ለጆሮ የሚስማማ) ፖተንሽዮሜትር፤ ባለ ሁለት ፖል (ፖል ማለት ለብቻው የሚቀያይር ክፍል ነው) ሦስት ቦታ የሚዞር መምረጫ ስዊች፤ ስምንት የአርሲኤ (ክብ የድምፅ ገመድ) መሰኪያዎች፤ ጥቂት ሽልድ (ሽቦውን የሚሸፍን የብረት መረብ) ያለው ገመድና የብረት ሣጥን ነው። ስዊቹ አዲሱን ከመንካቱ በፊት አሮጌውን የሚለቅ ዓይነት ቢሆን ይመረጣል፤ አለዚያ በሚዞርበት ቅጽበት የሁለት ዕቃዎች መውጫ እርስ በርስ ይገናኛል። ባለ አራት ፖል ብቻ ካገኙ ሁለቱን ፖል ይጠቀሙና ሁለቱን ባዶ ይተዉ።

ስለ 10 ኪሎ ኦሙ ትንሽ መቆየት ይኖርብኛል፤ አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። በሱቅ በብዛት የሚገኘው 50 እና 100 ኪሎ ኦም ነው፤ ሻጩም ሁሉም አንድ ነው ሊልዎት ይችላል። አንድ አይደለም። ፖተንሽዮሜትሩ ቮልቱን በግማሽ የሚከፍልበት ቦታ ላይ ሲቆም በመውጫው በኩል የሚታየው ሬዚስታንስ (ኤሌክትሪክን የመግታት መጠን) የጠቅላላው ሩብ ይሆናል፤ በ10 ኪሎ ኦሙ 2.5፣ በ100 ኪሎ ኦሙ ደግሞ 25 ኪሎ ኦም ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ገመድ በየሜትሩ 100 ፒኮፋራድ ያህል ካፓሲታንስ (ኤሌክትሪክ የማጠራቀም ባሕርይ) አለው፤ አምፕሊፋየሩም የራሱን ጥቂት ይጨምርበታል። ሬዚስታንሱና ካፓሲታንሱ ተባብረው ቀጭኑን ድምፅ ይቆርጣሉ። የሚቆርጡበትን ቦታ በኪሎ ሄርዝ ለማወቅ 159,000ን በኪሎ ኦሙና በፒኮፋራዱ ብዜት ማካፈል ይበቃል። ጠቅላላ ካፓሲታንሱ 500 ፒኮፋራድ ቢሆን በ10 ኪሎ ኦሙ 127 ኪሎ ሄርዝ ይመጣል፤ የሰው ጆሮ ከ20 በላይ ስለማይሰማ ምንም አይነካንም። በ100 ኪሎ ኦሙ ግን 12.7 ኪሎ ሄርዝ ይሆናል፤ ይህ በሙዚቃው መካከል የገባ ቢላ ነው።

ከአምፕሊፋየሩ ወገን ያለው ደንብ አጭር ነው፤ የአምፕሊፋየሩ መግቢያ ሬዚስታንስ ከፖተንሽዮሜትሩ መውጫ ቢያንስ አሥር እጥፍ ይሁን። 2.5 በአሥር 25 ነው፤ የብዙ አምፕሊፋየሮች መግቢያ 47 ኪሎ ኦም ያህል ስለሆነ በቂ ነው። ምንጮቹም 10 ኪሎ ኦሙን ያለ ችግር ይሸከሙታል። በዴክዎ መውጫ ላይ 1 ማይክሮፋራድ የሆነ ካፓሲተር ቢኖር እንኳ ወፍራሙ ድምፅ መቀነስ የሚጀምረው በ16 ሄርዝ አካባቢ ነው፤ ያን ያህል ወፍራም ድምፅ በካሴት ላይ የለም። ችግር የሚኖረው በአምፖል (በቫኪዩም ቱቦ) የሚሠራ የድሮ ዕቃ ምንጭ ሲሆን ነው፤ እርሱ ከ10 ኪሎ ኦም የበለጠ ሊፈልግ ይችላል።

ፖተንሽዮሜትሩን ከመበየድዎ በፊት፣ ቢቻል እዚያው ሱቅ ውስጥ፣ በቴስተር ይለኩት። ቴስተሩን በ20 ኪሎ ኦም ላይ አድርገው የአንዱን ረድፍ ሁለት የዳር እግሮች ይንኩ፤ ከ8 እስከ 12 ኪሎ ኦም ቢያሳይ ደህና ነው። ዋናው መለኪያ ቀጥሎ ያለው ነው። ዘንጉን ከዙሪያው ሩብ ያህል ብቻ ከፍተው በእያንዳንዱ ረድፍ በመሬቱ እግር (ዘንጉ ወደ ፊትዎ፣ እግሮቹ ወደ ታች ሲሆኑ በግራዎ ባለው) እና በመካከለኛው እግር መካከል ያለውን ያንብቡ። አንዱ ረድፍ 600 ኦም ሌላው 650 ቢል ልዩነቱ ከ1 ዴሲቤል (የድምፅ ጉላት ልዩነት መለኪያ) በታች ነው፤ ጆሮ አይለየውም። አንዱ 600 ሌላው 850 ቢል ግን 3 ዴሲቤል ነው፤ በዝቅተኛ ድምፅ ሲያዳምጡ ዘፋኙ ከመካከል ወደ አንዱ ስፒከር ይሸሻል። እንዲህ ያለውን መልሰው ሌላ ያስወጡ። ሁለቱ ከ12 በመቶ በላይ እንዳይራራቁ ማድረግ ውድ ዕቃ ከመግዛት የበለጠ ይጠቅማል።

አገናኙ እንዲህ ነው። ዘንጉን ወደ ፊትዎ፣ እግሮቹን ወደ ታች አድርገው ይያዙት። በእያንዳንዱ ረድፍ ካሉት ሦስት እግሮች በግራዎ ያለው የመሬት፣ መካከለኛው የመውጫ፣ በቀኝዎ ያለው የመግቢያ ነው። የፊተኛው ረድፍ ለግራ፣ የኋለኛው ለቀኝ ድምፅ ይሁን። የመምረጫው አንዱ ፖል የሦስቱን ምንጮች ግራ፣ ሌላው ፖል የሦስቱን ቀኝ ይይዛል፤ የየፖሉ የጋራ እግር ወደ ፖተንሽዮሜትሩ መግቢያ ይሄዳል። የመሬት ሽቦዎች በመምረጫው አያልፉም። የመሰኪያዎቹን የውጭ ቀለበቶች ሁሉ በአንድ ወፈር ባለ ራቁት የመዳብ ሽቦ አያይዘው ከሁለቱ የመሬት እግሮች ጋር ያገናኟቸው፤ ይህ ሽቦ የሣጥኑን ብረት የሚነካው በአንድ ቦታ ብቻ፣ ከመውጫዎቹ አጠገብ ይሁን። ለዚህም መሰኪያዎቹን ከላሜራው የሚለይ የፕላስቲክ ሮንዴላ ያስፈልጋል። የፖተንሽዮሜትሩ አካል ደግሞ ሣጥኑን በደንብ መንካት አለበት፤ ካልነካ ጣትዎ ዘንጉን ባገኘው ቁጥር ጉርምርምታ ይሰማሉ።

ለብየዳው 30 ወይም 40 ዋት የሆነ ሶልደሪንግ አይረን ይበቃል። እግሩን በብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርገው ይፈትጉት፤ ሽቦውን በቀዳዳው አሳልፈው በፒንሳ ይጠምዝዙት። አይረኑ እግሩንና ሽቦውን አንድ ላይ እያሞቀ ሳለ ሶልደሩን ከሌላው ጎን ያስነኩት፤ ሶልደሩን የሚያቀልጠው የሞቀው እግር እንጂ የአይረኑ ጫፍ መሆን የለበትም። ከሁለት ወይም ከሦስት ሰከንድ በኋላ አይረኑን ያንሡ፤ ከዚያ በላይ ከቆየ በፖተንሽዮሜትሩ ውስጥ ያለው፣ ሬዚስታንሱን የሚሰጠው የካርቦን ጎዳና ይጎዳል። በደንብ የያዘ ብየዳ ጠርዙ እግሩ ላይ ስስ ሆኖ ይተኛል፤ ክብ ሆኖ ከቆመ አልያዘምና ይድገሙት። ሶልደሩ ሊድ (እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት) ስላለበት መስኮት ከፍተው ይሥሩ፣ ሲጨርሱም እጅዎን ይታጠቡ።

ሁሉም ሲያልቅ በቴስተር ይፈትሹ። በተመረጠው ምንጭ መሰኪያ ላይ ዘንጉ የትም ቢዞር 10 ኪሎ ኦም ያህል ይነበባል፤ ባልተመረጡት ላይ ምንም አይነበብም፤ በመውጫው ላይ ዘንጉ ሲዘጋ ዜሮ፣ ሲከፈት 10 ኪሎ ኦም ይታያል። ገመዶቹን የሚሰኩት ዕቃዎቹ ሁሉ ከመብራት ተነቅለው ይሁን፤ ባለ ሁለት እግር ሶኬት ያላቸው ዕቃዎች በውስጣቸው ካለው የማጣሪያ ካፓሲተር የተነሣ ብረታቸው ሊነዝር ይችላል፤ በዚያ ሁኔታ የተሰካ ገመድ ስፒከሩን በኃይል ያስጮኸዋል።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ሣጥኑን በ100 ኪሎ ኦም ቮልዩም ሠርቼ ከአልጋዬ አጠገብ አስቀመጥሁት፤ ከአምፕሊፋየሩ 5 ሜትር ይርቃል። ቮልዩሙን እስከ መጨረሻ ስከፍተው ድምፁ ጥርት ያለ ነው። መካከል ላይ ሳደርገው ግን የማሲንቆው ድምፅ ይታፈናል። ስፒከሩ ይሆን የተበላሸው?

መልስ፦ ስፒከርዎ ደህና ነው፤ የሰጡን ምልክት ራሱ ምክንያቱን ይናገራል። ቮልዩሙ እስከ መጨረሻ ሲከፈት ምንጩ ከገመዱ ጋር በቀጥታ ስለሚገናኝ ሬዚስታንሱ ትንሽ ነው። ወደ መካከል ሲመለስ 25 ኪሎ ኦም ይደርሳል። የ5 ሜትሩ ገመድ 500፣ የአምፕሊፋየሩ መግቢያ ደግሞ 200 ፒኮፋራድ ነው ብንል፣ ቀጭኑ ድምፅ ከ9 ኪሎ ሄርዝ ጀምሮ መቆረጥ ይጀምራል። የማሲንቆን ፀጉር የደጋኑ ፀጉር ሲፈትገው የሚወጣው ያ ሻካራና ሕያው ድምፅ፣ የመሣሪያውን መልክ የሚሰጠው፣ ከመሠረታዊው ድምፅ በላይ በተደራረቡት ቀጫጭን ድምፆች ውስጥ ነው የሚገኘው፤ መጀመሪያ የሚጎዱትም እነርሱ ናቸው።

ሁለት መንገድ አለዎት። ቮልዩሙን በ10 ኪሎ ኦም ከቀየሩት በዚያው ገመድ መቁረጫው ወደ 91 ኪሎ ሄርዝ ይርቃል፤ ማፈኑ ፈጽሞ ይጠፋል። ይህን በቅድሚያ ያድርጉ። የበለጠ የምወድልዎ ግን ሣጥኑ ከአምፕሊፋየሩ አጠገብ ሆኖ በመካከላቸው ከ1 ሜትር ያነሰ ገመድ እንዲኖር፣ ርቀቱ ሁሉ ከምንጩ እስከ ሣጥኑ ባለው ገመድ ላይ እንዲያርፍ ነው። ዲቪዲውም ሆነ ስልኩ መውጫቸው ከ1 ኪሎ ኦም በታች ስለሚሆን 5 ሜትር ገመድ አያስቸግራቸውም። ስልኩን በአልጋዎ ላይ ይዘው ድምፁን ከራሱ ከስልኩ ማስተካከል ከቻሉማ ሣጥኑን ወደዚያ ማምጣት አያስፈልግም። የግድ ከአልጋው አጠገብ ይሁን ካሉ ረጅሙን ገመድ ከመብራት ሽቦ ጋር ጎን ለጎን አያስኪዱት።

ጥያቄ (ከከሚሴ)፦ እዚህም ደሴም ብጠይቅ ያገኘሁት የላቲኑ «ቢ» ፊደልና 50 የሚል ቁጥር ያለበትን ብቻ ነው። ልጠቀምበት እችላለሁ?

መልስ፦ ይችላሉ፤ አንድ ጥንድ ሬዚስተር ይጨምሩበት እንጂ። «ቢ» የሚለው በአሁኑ የእስያ ዕቃ ላይ መስመራዊ ማለት ነው፤ «ኤ» ደግሞ ሎጋሪዝማዊ። በድሮ የአውሮፓ ዕቃዎች ፊደሉ ሌላ ትርጉም ሊኖረው ስለሚችል ከፊደሉ ይልቅ ቴስተሩን ይመኑ፤ ዘንጉን በትክክል አጋምሰው ሲለኩት ከመሬቱ እስከ መካከለኛው እግር የጠቅላላው ግማሽ ከሆነ መስመራዊ ነው፤ ከአሥር እስከ ሃያ በመቶ ከሆነ ሎጋሪዝማዊ ነው።

በእያንዳንዱ ረድፍ በመካከለኛውና በመሬቱ እግር መካከል 8.2 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ይበይዱ፤ ቀለሙ ግራጫ፣ ቀይ፣ ቀይ ነው። ያለ ሬዚስተሩ ዘንጉ ሩብ፣ ግማሽና ሦስት አራተኛ ሲከፈት የሚያልፈው ቮልት 25፣ 50 እና 75 በመቶ ነበር፤ አሁን 12፣ 20 እና 35 በመቶ ገደማ ይሆናል፤ ይህም ለጆሮ የሚስማማ አካሄድ ነው። ከዚህ ሌላ ሁለት ትርፍ አለው። የመውጫው ሬዚስታንስ ከ12.5 ወደ 5 ኪሎ ኦም ገደማ ይወርዳል፤ መስመራዊ ፖተንሽዮሜትሮችም ሁለቱን ረድፎች በማመጣጠን ረገድ ከርካሽ ሎጋሪዝማዊዎቹ ብዙ ጊዜ ይሻላሉ። ኪሳራው ዘንጉ እስከ መጨረሻ ሲከፈት ምንጩ 7 ኪሎ ኦም መሸከሙ ነው፤ ለስልክና ለዲቪዲ ምንም አይደለም። ሁለቱ ሬዚስተሮች እኩል መሆን አለባቸው፤ አሥር ያህል ገዝተው በቴስተር ተቀራራቢዎቹን ይምረጡ፣ ዋጋቸው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ጥያቄ (ከወልድያ)፦ ጋሼ፣ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። ወንድሜ ይህን ሣጥን ሲሠራ አይቼ ሁለት ነገር አልገባኝም። የተቀነሰው ቮልት የት ይሄዳል? ሎጋሪዝማዊ የሚባለውስ ለምን አስፈለገ?

መልስ፦ ልጄ፣ ጥያቄዎችሽ ደስ ያሰኛሉ፤ ሁለቱንም በአንድ የባትሪ ድንጋይ ልታረጋግጫቸው ትችያለሽ። የ1.5 ቮልት ባትሪ ሁለት ጫፎች ከፖተንሽዮሜትሩ የዳር እግሮች ጋር አገናኚ፤ ቴስተሩን በቮልት ላይ አድርገሽ በመሬቱና በመካከለኛው እግር መካከል ለኪ። ዘንጉን ስታዞሪ ቁጥሩ ከ0 እስከ 1.5 ሲወጣ ታያለሽ። ቴስተሩ የማያሳይሽ ቀሪው ቮልት በላይኛው የካርቦን ክፍል ላይ አለ፤ መለኪያውን ወደዚያ ብታዛውሪው ታገኚዋለሽ፤ የሁለቱ ድምርም ሁልጊዜ የባትሪው ቮልት ይሆናል። በካርቦኑ ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ ወደ ሙቀት ይለወጣል፤ በ10 ኪሎ ኦም ላይ 2 ቮልት ቢገባ 0.4 ሚሊዋት ብቻ ስለሆነ በእጅሽ ብትነኪው አይታወቅሽም።

ወደ ሁለተኛው እንምጣ። ጆሯችን የሚለካው በመደመር ሳይሆን በማባዛት ነው። አንድ ድምፅ እጥፍ ጎልቶ እንዲሰማን 10 ዴሲቤል ያህል መጨመር፣ ማለትም ኃይሉ 10 ጊዜ፣ ቮልቱ ደግሞ 3.16 ጊዜ መብዛት አለበት። መስመራዊው ዘንግ እስከ ግማሽ ሲዘጋ የሚቀንሰው 6 ዴሲቤል ብቻ ነው። ድምፁ ወደ ሩብ እንዲወርድ 20 ዴሲቤል መቀነስ ይኖርብሻል፤ ለዚህም ዘንጉን ከዙሪያው ዘጠኝ አሥረኛውን መዝጋት አለብሽ። ሌሊት ሰው ተኝቶ በቀስታ የምንሰማበት ድምፅ ሁሉ በቀረችው አንድ አሥረኛ ውስጥ ተጨናንቆ ይገኛል፤ ትንሽ ነካ ሲያደርጉት ወይ ይጮኻል ወይ ይጠፋል። ሎጋሪዝማዊው የተሠራው ይህን በዙሪያው ሁሉ ለማዳረስ ነው። በባትሪው ሙከራ ላይ መስመራዊው መካከል ላይ 0.75 ቮልት፣ ሎጋሪዝማዊው ከ0.15 እስከ 0.3 ቮልት ያሳይሻል። ለፊዚክስ አስተማሪሽ ሁለቱን ጎን ለጎን በግራፍ ብታሳዪአቸው ለክፍሉ ጥሩ ሙከራ ይሆናል ብዬ አስባለሁ።

ጥያቄ (ከሐይቅ)፦ ሣጥኑን ለውበት ብዬ ከዋንዛ እንጨት አሠራሁት። ዝም ባለበት ጊዜ እንኳ ጉርምርምታ አለው፤ የቴሌቪዥኑን ሪሲቨር ስሰካበት ደግሞ በጣም ይብሳል። ጎረቤቴ የአምፕሊፋየሩን የመሬት ሽቦ ቁረጠው ይለኛል።

መልስ፦ የጎረቤትዎን ምክር ፈጽሞ አይቀበሉ። የመብራቱ የመሬት ሽቦ የተሰጠው ሰውን ከመብራት ለማዳን ነው፤ በአምፕሊፋየሩ ውስጥ አንድ ሽቦ ተላጦ ብረቱን ቢነካ ያ ሽቦ በሌለበት ጊዜ የሚነዘረው ዘንጉን የሚያዞረው ሰው ነው። ሣጥኑ ራሱ መብራት ባይኖረውም ብረቱ ከአምፕሊፋየሩ ብረት ጋር የተያያዘ መሆኑን አይርሱ።

የነገሩን ጉርምርምታ ሁለት ነው፣ መንስኤውም ሁለት ነው። የመጀመሪያው ከእንጨቱ ይመጣል። በቤት ውስጥ ያለው የመብራት መስመር ሁሉ በ50 ሄርዝ በአየር ላይ ይረጫል፤ እንጨት ይህን አይከለክልም። ዋንዛውን መጣል አያስፈልግም፤ ውስጡን በሙሉ፣ ክዳኑንም ጭምር፣ ለማእድ ቤት በሚያገለግለው የአልሙኒየም ወረቀት ይለብጡት። ወረቀቱ ሶልደር አይቀበልም፤ ስለዚህ ሽቦውን በቡሎን፣ በሮንዴላና በዳዶ አጥብቀው ይያዙትና የመሰኪያዎቹን ቀለበቶች ከሚያያይዘው የሣጥኑ የመሬት ሽቦ ጋር ያገናኙት። የክዳኑና የሣጥኑ ወረቀት እርስ በርስ መነካካታቸውን በቴስተር ያረጋግጡ። ሌሎች አንባቢዎች ሣጥን ለማግኘት ቢቸገሩ የብስኩት ቆርቆሮ በቂ ነው፤ ቀለሙ ከተፋቀ ሶልደርም ይይዛል።

ሁለተኛው፣ በሪሲቨሩ የሚብሰው፣ የመሬት ቀለበት የሚባለው ነው። የዲሹ ገመድ ሽልድ ከጣሪያው ብረት ጋር፣ አምፕሊፋየሩ ደግሞ ከሶኬቱ መሬት ጋር ተያይዘዋል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ጥቂት የቮልት ልዩነት በድምፅ ገመዱ ሽልድ በኩል ይዞራል። ለማረጋገጥ ሪሲቨሩን አጥፍተው የዲሹን ገመድ ከጀርባው ይንቀሉ፤ ጉርምርምታው ከጠፋ መንስኤው ይህ ነው። መፍትሔው በሪሲቨሩና በሣጥኑ መካከል፣ ለግራና ለቀኝ አንድ አንድ፣ አንድ ለአንድ የሆነ የድምፅ ትራንስፎርመር ማስገባት ነው፤ ሙዚቃው በማግኔት ይሻገራል፣ የመሬቱ ሽቦ ግን ይለያያል። ለመኪና ቴፕ ጉርምርምታ ማጥፊያ ተብሎ የሚሸጠው አነስተኛ ዕቃ በውስጡ እንዲህ ያሉ ሁለት ትራንስፎርመሮች ያሉት ስለሆነ ያገለግልዎታል።

ጥያቄ (ከደሴ፣ ሙጋድ)፦ የአያቴን የሸክላ ማጫወቻ ከዚህ ሣጥን ጋር ባገናኝስ?

መልስ፦ በቀጥታ አይሆንም። ማግኔት ያለው መርፌ 5 ሚሊቮልት ያህል ብቻ ይሰጣል፤ ሸክላውም ሲቀረጽ ወፍራሙ ድምፅ ተቀንሶ፣ ቀጭኑ ተጨምሮ ስለሆነ ሲጫወት ይህን የሚመልስ የፎኖ ፕሪአምፕሊፋየር ያስፈልገዋል። ያንን ገዝተው በመካከል ካስገቡ መውጫውን ከሣጥኑ ያገናኙ። በድሮዎቹ እንደ ሻንጣ በእጅ በሚንጠለጠሉ ማጫወቻዎች ላይ ያለው የሴራሚክ መርፌ ብዙ ሚሊቮልት ቢሰጥም 1 ሜጋ ኦም አካባቢ ስለሚፈልግ 10 ኪሎ ኦሙ ላይ ወፍራሙን ድምፅ ያጣል።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ የገዛሁት ቦርድ ቲፒኤ 3116 በሚባለው ቺፕ የተሠራ ነው፤ የራሱ ቮልዩምም አለው። ሁለት ቮልዩም ይስማማሉ?

መልስ፦ የቦርዱን እስከ መጨረሻ ከፍተው ይተዉትና በሣጥኑ ብቻ ይቆጣጠሩ። በዚህ ቺፕ ላይ ልብ የሚባለው ነገር ማጉያ መጠኑ ሲጨምር የመግቢያ ሬዚስታንሱ መቀነሱ ነው፤ በ26 ዴሲቤል፣ ማለትም በ20 ጊዜ፣ 30 ኪሎ ኦም ሲሆን በ36 ዴሲቤል ግን ወደ 9 ኪሎ ኦም ይወርዳል። 9 ኪሎ ኦም ከሆነ የሣጥኑ መውጫ ይከብደዋል፣ መካከል ላይም 2 ዴሲቤል ያህል ይጠፋል። ቦርዱ መጠኑን የሚቀይር ሬዚስተር ካለው 26 ላይ ያድርጉት፤ ከዲቪዲና ከስልክ ለሚመጣ ሲግናል ከዚያ በላይ አያስፈልግዎም።